ገላው ለምን ህንድ ሄደ

ጥፋቱ የራሱ የገላው ነው። ሐበሻ «ህንድ ልሄድ ነው» ካለ ምን እንደሚታሰብ ጠፍቶት ነው? ህንድ የሚኬደው ለኩላሊት ነው፤ ሲብስም ለልብ። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ያሉት የቸርቹ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ክው አሉ፤ ጾም ጸሎት ያዙለት። ሊያስረዳ ሲሞክር «ግዴለም፣ ገብቶናል» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። እሱ ግን የሚሄደው አምባ ሊወጣ ነበር።

አምባው ሲንሃጋድ ይባላል፤ አናቱ ላይ ጥንታዊ ምሽግ አለ። ገላው በወጣትነቱ ፑኔ ሲማር፣ ጓደኞቹ እዚያ የወጡ ዕለት ወባ ጥሎት ቀረ። ቁጭቱ አርባ ዓመት አልለቀቀውም። ዘንድሮ ጡረታ ሲወጣ ሄደ። ዳገቱ ግን ልክ አስገባው! ድንጋይ እየጨበጠ፣ ወጣቶቹ «በርታ አጎቴ» እያሉ እያለፉት፣ እንደምንም የምሽጉ በር ደረሰ። አንዲት ሴትዮ በሸክላ እርጎ ሸጠችለት። ግንቡን ተደግፎ ቁልቁል ሸለቆውን እያየ እርጎውን ሲበላ፣ እንደዚያ ደስ ያለው ቀን ትዝ አይለውም። ወዲያው ደግሞ ይህን ለማን እነግራለሁ ብሎ ሆዱ ባባ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ቤቱ የተመለሰው ጉልበቱ አብጦ እያነከሰ ነው። በማግስቱ በሩ ተንኳኳ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ዕቃ ከሚያደርስ ሰው በቀር ማን አንኳኩቶት ያውቃል! የቸርቹ እትዬ ከበቡሽ ከአሌክሳንድሪያ ያንን ሁሉ ትራፊክ አልፈው አጥሚት በቴርሞስ ይዘው መጡ። ከዚያ በኋላ ሰው አልተቋረጠም። አንዱ ልብሱን ያጥባል፣ አንዷ ሾርባ ትሠራለች፣ ቤቱ በጨዋታ ደመቀ። ስለ አምባው ሊያወራ አፉን በከፈተ ቁጥር «አይዞህ፣ አትድከም» ይሉታል። እሱም፣ እውነት እንናገር ከተባለ፣ ዝም ማለቱን ወዶታል። ፎቶዎቹን ማታ ማታ ብቻውን ያያቸዋል።

እሁድ ከሰዓት እትዬ ከበቡሽ ያበጠውን ጉልበቱን ይዘው እያለቀሱ ጸለዩለት። ገላው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አሁንስ በቃ፣ እነግራቸዋለሁ ብሎ ፎቶውን ሊያሳያቸው ስልኩን አነሳ። እሳቸው እንባቸውን ጠርገው ቀና አሉ።

«ለመሆኑ ሐኪሞቹ ምን አሉህ ገላዬ? ድነህ ከሆነ ጌታ ይመስገን። ሀያትስቪል አንዲት አራስ አለችብን፤ ከነገ ጀምሮ ወደ እሷ እንዞራለን።»

ገላው ስልኩን ገልብጦ ሶፋው ላይ አስቀመጠ።

«ገና ነው እትዬ ከበቡሽ» አለ። «ብዙ ክትትል ያስፈልግሃል ብለውኛል።»