ሁሉም መንገድ ወደ ኮዲንግ

ሲሃም ሥራውን ስትቀበል ሐሳቡ በጣም ደስ ብሏት ነበር። ሥራቸውን ትተው ወደ ቴክኖሎጂ መግባት ለሚፈልጉ ሰዎች የሚሆን ድረ ገጽ ነው፤ ይጠይቃቸዋል፣ እንደ መልሳቸውም የሚሆናቸውን ሙያ ያሳያቸዋል። እሷ ራሷ ፋርማሲ ትታ ዲዛይነር የሆነችው የሚመራት ሰው አጥታ ስትንገላታ ቆይታ ነው።

የሚያሠራት አብሮ አደጓ ጀይሉ ነው። ኮልፌ ላይ፣ ከጨርቅ መደብሮቹ በላይ፣ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ከፍቷል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሐሳቡ ግን ውሎ አያድርም። «ቀለሙ ፈዘዘ» አለ። ሲደምቅ «ዓይን ይወጋል» አለ። ጥያቄው በዛ ብሎ ሲቀነስለት፣ «ይሄማ ባዶ ሆነ» አለ። የመጨረሻው ግን ባሰ።

«ሰው ምንም ይመልስ ምን፣ መጨረሻው ኮዲንግ ይሁን። እኛ የምናስተምረው እሱን ነዋ!»

«ታዲያ ለምን እንጠይቃቸዋለን?»

«ደስ እንዲላቸው።»

ሲሃም ተከራክራ ሲደክማት እንዳለው አደረገች። ግን ከመለቀቁ በፊት ሰው ይሞክረው ብላ ጎረቤቷን እትዬ ተናኘን ወደ ማሠልጠኛው ይዛቸው መጣች። እትዬ ተናኘ አስኮ የሚያስተምሩ መምህርት ናቸው። ጉሮሯቸው ስለተጎዳ ሐኪሙ ክፍል ውስጥ መጮኹን እንዲያቆሙ ነግሯቸው፣ ምን እንደሚሠሩ ጨንቋቸዋል።

ላፕቶፑ ፊት ተቀምጠው እያንዳንዱን ጥያቄ አስበው መለሱ። ቀኑን ሙሉ ኮድ ሲጽፉ መዋል ይወዳሉ? ሲላቸው «በፍጹም» የሚለውን ነኩ። ለሰው ማስረዳት ያስደስትዎታል? ሲላቸው «እጅግ በጣም» አሉ። ወዲያው ስክሪኑ ላይ እንደ ሠርግ ባለቀለም ቁርጥራጭ ወረቀት ዘነበ።

«እንኳን ደስ አለዎት! እርስዎ ለኮዲንግ የተፈጠሩ ነዎት!»

እትዬ ተናኘ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሲሃምዬ፣ ይሄ ነገር የመለስኩትን አንብቦታል?»

የሲሃም ፊት ጋለ። ጀይሉ ፈጠን ብሎ፣ «እናቴ፣ ኮዲንግ እኮ ይለመዳል» አለ።

«ይለመድ ይሆናል ልጄ። እኔ ግን አልወድም ብዬ ነው የመለስኩት።»

«በቃ!» አለች ሲሃም። «ወይ የሰዎቹን መልስ እንስማ፣ ወይ ሌላ ዲዛይነር ፈልግ!»

«ምን ያስቆጣሻል? እሺ፣ ማስረዳት የሚወድ ሰው ቴክኖሎጂ ውስጥ ምን ሊሠራ ነው?»

«መመሪያ ይጽፋል፣ ለደንበኛ መልስ ይሰጣል፣ የትምህርት ቪዲዮ ያዘጋጃል! መጀመሪያ ባሳየሁህ ላይ ነበር እኮ፤ አንተ ነህ ያስጠፋኸኝ!»

ጀይሉ እትዬ ተናኘን፣ ከዚያ ስክሪኑን አየ። «እሺ፣ መልሺው» አለ በዝግታ።

ሲሃም የድሮውን ከፈተችላቸው። እትዬ ተናኘ እንደገና ከመጀመሪያው ሞከሩ። አሁን የመጣላቸው የመመሪያ ጽሑፍ ማዘጋጀት ነበር፤ ከየት ተነሥተው እንደሚማሩትም ከሥሩ ተዘርዝሯል። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ለዚህኛው መጮኽ አያስፈልግም» አሉና ሳቁ። ከብዙ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ነገር ለመማር እንደጓጉ ያስታውቅባቸው ነበር።

ሲሃም ላፕቶፗን ዘግታ ስትነሣ ጀይሉ በሩ ላይ ደረሰባት። «አንድ ነገር ብቻ። የመመዝገቢያው ቁልፍ ብልጭ ድርግም ይበል።»

«አንዴ ብቻ» ብላው ደረጃውን ወረደች።

ታክሲ ውስጥ ገና ከመቀመጧ ስልኳ ጮኸ። የጀይሉ መልእክት ነው፤ «ሦስቴ ቢሆንስ?» ይላል።

ሲሃም ስልኩን አጠፋችው።