ከሁሉ የቆየው

ከመስከረም ወዲህ ያለው የየኔታ ሰይፈ ሥላሴ ድምፅ ጠፍቷል።

ላፕቶፑ ተነሥቷል። ጠዋት ሲመጣ እንደነበረው ጥቁር ገጽ ላይ አልተገተረም። የቅኔው ፎልደርም በቦታው አለ፤ ከነሐሴ በኋላ ግን አንዳች ነገር የለውም። ትሕትና ፎልደሩን ዘግታ ከፈተችው። እንደገና ዘግታ ከፈተችው። ዘግቶ መክፈት ምንም እንደማይለውጥ ታውቃለች፤ ደንበኞቿ ሲያደርጉት ትስቅባቸዋለች።

ከጠረጴዛው ማዶ የኔታ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸው አንገታቸው ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሟል። ተማሪያቸው ዲያቆን ምሥጋናው ከጎናቸው ቆሟል፤ ትሕትና ወንበር ብትሰጠውም የኔታ ባሉበት አልቀመጥም ብሏል። ሁለቱም የሚያዩት ስክሪኑን አይደለም፣ ፊቷን ነው።

የኔታ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም በታች ጉባኤ ዘርግተው ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ ቅኔያቸውን በድምፅ እየቀረጹ ማስቀመጥን ያመጣው ምሥጋናው ነው። መጀመሪያ አልወደዱትም ነበር። ቅኔ በተማሪ ልብ እንጂ በሣጥን አይቀመጥም ብለው ብዙ ተከራከሩ። በኋላ እሺ አሉ፣ ለመዱትም። ጥር ላይ ጉሮሯቸውን አመማቸው። ደሴ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ነፍሳቸው ተረፈች፤ ድምፃቸው ግን ቀረ። አሁን የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው፣ ያንንም የሚሰማው ጆሮውን ወደ አፋቸው ያስጠጋ ሰው ብቻ ነው። ከመጪው ሰኔ ጀምሮ የጉባኤው ወንበር የምሥጋናው ይሆናል። የእሳቸው ድምፅ ደግሞ ከወንበሩ ጋር ሊወረስ ይኸው ላፕቶፕ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ላፕቶፑን የሸጠችላቸው ትሕትና ናት። ስናፕሾት የሚያነሣውን ፕሮግራም የጫነችውም እሷ ናት። ያን ጊዜ የኔታ ድምፅ ነበራቸው፤ ቤቱን በድምፃቸው ሞልተው ነበር የሚጠይቋት።

«ምንድን ነው የሚያደርገው?»

«በየወሩ መጨረሻ ማሽኑ ራሱን ፎቶ ያነሣል። ቢበላሽ ወደ ፎቶው እንመልሰዋለን።»

«ፎቶ ድምፅ ይይዛል?»

«ይሄኛው ይይዛል።»

«አይጠፋም?»

«አይጠፋም።»

ይህን ያለችው ቀና እንኳ ሳትል ነበር። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ነበረባት።

ዛሬ ጠዋትም አልዘገየችም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ላፕቶፑን መትቶታል፤ እንዲህ ያለውን በሳምንት ስንት ጊዜ ታያለች። ፕሮግራሙን ከፈተች፣ የፎቶዎቹ ዝርዝር መጣ፣ ከላይ ያለውን መረጠች። የቅርቡ ሁልጊዜ ከላይ ነው፤ ይህን ለማወቅ ቀኑን ማንበብ አያስፈልግም። መሐል ላይ ስለ ቦታ ጥበት የሚናገር ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ። እሺ ብላ አለፈችው። ማስጠንቀቂያን ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ባለሙያ ሱቁን ዘግቶ ነው የሚያነበው።

አሁን ቀኑን አነበበችው። ከላይ የነበረው ፎቶ የተነሣው ባለፈው ነሐሴ ማለቂያ ላይ ነው።

«ከነሐሴ ወዲህ ፎቶ ማንሣቱን አቁሟል» አለች።

«ኧረ አላቆመም!» አለ ምሥጋናው። «ወር በመጣ ቁጥር ማሽኗ ‹ተጠናቀቀ› እያለች ትጽፍልኛለች እኮ። እኔም እግዚአብሔር ይስጥሽ እላታለሁ።»

«ታዲያ የታለ?»

«እሱንማ አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ፣ እህቴ።»

አስጎብኚው ደሳለ በሩ ላይ ብቅ አለ። «ትሕትና፣ ያቺ ፎቶዬስ ታጠበች?»

«በኋላ።»

«ትናንትም በኋላ ነው ያልሽኝ። አሁን እኮ በኋላ ነው።»

«ደሳለ፣ ሂድ።»

ደሳለ የኔታን ሲያይ ኮፍያውን ከራሱ መንጭቆ አወለቀ፣ ዝቅ ብሎ ይፍቱኝ አለ። የኔታ እጃቸውን አነሡለት። እሱ ከወጣ በኋላ ምሥጋናውን በጣታቸው ጠሩት። ጎንበስ ብሎ ሰማቸው፣ ከዚያ ሣቁን ዋጥ አድርጎ ቀና አለ።

«ስምሽን ማን አወጣልሽ? ይላሉ።»

«አባቴ።»

የኔታ እንደገና አንሾካሾኩ።

«ሳያይሽ ነው ይላሉ።»

የትሕትና ዓይን ግን ስክሪኑ ጥግ ላይ አርፏል። ሰዓቱ ሦስት ከአርባ ይላል። ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት። በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሄድ ላፕቶፕ ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ከተገኘ ምክንያቱ አንድ ነው፤ ውስጥ ያለችው የሰዓት ባትሪ አልቃለች። ትሕትና እጇን ወደ መሳቢያው ሰደደች፣ ሳንቲም የምታክለዋን አዲስ ባትሪ አወጣች፣ ማሸጊያውን በጥርሷ ቀደደች።

እዚያ ላይ ቆመች።

ባትሪው ያለቀበት ማሽን ወደ ዓመቱ መጀመሪያ ነው የሚመለሰው። ይሄ ግን ዘጠነኛው ወር፣ ዘጠነኛው ቀን ይላል። ዛሬ ግንቦት ዘጠኝ ነው። የሞተ ባትሪ ግንቦት መሆኑን ከየት ያውቃል?

«ሰዓቱን ማን ነካው?» አለች።

«እኔ» አለ ምሥጋናው፣ ደስ ብሎት። «እኔ ነኝ ያስተካከልኩት።»

«ያስተካከልከው?»

«ይዋሻል እኮ! ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዘጠኝ ይላል። በእሱ ሰዓት ብንሄድ ጾሙን ገና በማለዳው ፈትተን ቁጭ ነበር። ለዘመን መለወጫ ደግሞ ዓመቱን ባየው ሰባት ዓመት ቀድሞናል። ‹ወዴት ነው የምትሮጥ፣ ተመለስ› ብዬ መለስኩት።»

«ማንን አስፈቅደህ ነው?»

«ባሕረ ሐሳብ ለመቁጠር ደግሞ ማን ይጠየቃል?»

የኔታ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ትሕትና ልትጮህበት አፏን ከፍታ ነበር፤ ጣቷ ግን ቀድሟት ዝርዝሩን ወደ ታች እየጎተተው ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው፤ የትኛው አገር ዘመን እንደሆነ አይጠይቅም። መስከረምን ጃንዋሪ ብሎ፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባትን ያለፈ ዘመን ብሎ ተቀብሎታል። እነዚያን ወራት ከሁሉ በታች፣ ላፕቶፑ እንኳ ገና ባልተሠራበት ዓመት ስም ደርድሯቸዋል። ማንም ባለሙያ ወርዶ የማያያቸው ቦታ ነው። እሷም አላየቻቸውም።

«አሉ» አለች።

ምሥጋናው አማተበ።

በዚህኛው ጊዜ ማሽኑን ወደ ኋላ አልመለሰችም። ፎቶዎቹን እንደ ተዘጋ ሣጥን አንድ በአንድ እየከፈተች በውስጣቸው ያለውን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ መቅዳት ጀመረች። የመጀመሪያው ሣጥን የጥቅምት ነበር፤ የጥቅምትን ቅኔ ብቻ ይዟል። ቀጣዩም የኅዳርን ብቻ።

«ለምንድን ነው የየወሩ ብቻ የሆነው? ያለፈውስ የት ሄደ?»

«ቦታ ሲሞላብኝ፣ ወሩ ሲያልቅ እሰርዘው ነበር» አለ ምሥጋናው። «ፎቶው ይዞታል ብለሽን የለ?»

ብላለች። አንዱን ቅጂ ከፈተችው፣ ሙሉ መሆኑን ለማረጋገጥ ብቻ። የየኔታ ድምፅ ከትንሿ ስፒከር ወጥቶ ሱቁን ሞላው። ወፍራም ነው፣ መሐል ላይ ሰበር ይልና መልሶ ይነሣል። ወንበሩ ላይ ያሉት የኔታ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። የራሱን ድምፅ የሚሰማ ሰው አይመስሉም፤ የሌላ ደብር መምህር ቅኔ ሲዘርፍ እንደሚመዝን ሰው ናቸው። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን አነሡ፣ ግጥሙ ቤት ሲመታ ጉልበታቸውን መታ አደረጉት። ከዚያ ምሥጋናውን ሳቡት።

«የመስከረሙስ? ይላሉ። የመስቀሉ።»

ትሕትና ዝርዝሩን አየችው። ከጥቅምት በታች መስከረም መኖር ነበረበት። የለም። ሳታነብ ያለፈችው የጠዋቱ ማስጠንቀቂያ አሁን ቃል በቃል መጣላት። ለመመለስ በቂ ቦታ የለም፤ ከሁሉ የቆየው ፎቶ ይሰረዝ?

እሺ።

የተሰረዘ የሚፈልግ ፕሮግራም አላት፤ አስነሣችው። ዲስኩን ሲያስስ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ ጀርባዋን አስደግፋ፣ እጇን አጣጥፋ ቆመች። ውጪ የቅዳሜ ገበያ ነው፤ ባጃጆች ይጮኻሉ፣ የጎረቤት ፀጉር ቤት ጄኔሬተር ይንተከተካል። በመጨረሻ ‹መስቀል› የሚል ስም ያለው ፋይል ተገኘ። ምሥጋናው «ይኸው!» ብሎ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ከፈተችው። ዝናብ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ እንደሚሰማው ያለ ሹሹታ ብቻ ተሰማ። ወደ ፊት አስኬደችው፤ ያው ሹሹታ። ስሙ ቀርቷል፣ ቦታውን ግን ጠዋት የመለሰችው ነገር ረግጦ ሞልቶታል።

ምሥጋናው መሬት መሬት ያይ ጀመር። ሰዓቱን የነካሁት እኔ ነኝ፣ የሰረዝኩትም እኔ ነኝ እያለ በልቡ እንደሚቆጥር ከፊቱ ይነበባል። እሷ ዝም ብትል ጥፋቱ በራሱ እግር ሄዶ እሱ ላይ ይቀመጣል። መብራት ነው ብትልም ያምኗታል። ላሊበላ ላይ መብራት ያላጠፋው ነገር የለም።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች። ድምፅዋ ከምትፈልገው በላይ ደረቅ ሆነ። «ጠዋት ማሽኑ ጠይቆኝ ነበር። ከሁሉ የቆየውን ላጥፋው ወይ አለኝ። ሳላነብ እሺ አልኩት። አይመለስም።»

የኔታ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ትሕትና ደነገጠች። ቀረብ ብላ ስታያቸው እየሣቁ ነው፤ ሣቃቸው ድምፅ የለውም፣ ትንፋሽ ብቻ ነው። ምሥጋናውን በጋቢው ጫፍ ጎትተው ጆሮው ላይ አንሾካሾኩ።

«ከሁሉ የቆየውን ማጥፋት ከፈለገ ከእኔ ነበር መጀመር ያለበት ይላሉ።»

ከዚያ የኔታ በአገጫቸው ለምሥጋናው ምልክት ሰጡት። ትሕትና እንኳ ገባት። በል፣ አንተ በለው ማለታቸው ነው።

ምሥጋናው ዓይኑን ወደ ላፕቶፑ ሰደደ።

የኔታ ጠበቁ። እንደገና በአገጫቸው ጠሩት፣ የሚንተባተብ ሕፃን እንደሚጠብቅ ሰው ሳይቆጡ። በየመስቀሉ፣ በየጥምቀቱ የዘረፉትን ቅኔ ተማሪ አንድ ሁለቴ ሰምቶ ይዞት ያድራል፤ ጉባኤው የቆመው በዚህ ነው። ምሥጋናው ደግሞ ወንበር ሊወርስ የሦስት ሳምንት ዕድሜ የቀረው ተማሪ ነው።

«አልያዝኩትም፣ የኔታ» አለ በመጨረሻ።

የኔታ የሰሙ አልመሰሉም።

«ካለፈው ዓመት ወዲህ ያለውን ብዙውን አልያዝኩትም። እሱ ይዞታል ብዬ።» በእጁ ወደ ላፕቶፑ አመለከተ። እጁን መልሶ የሚያስገባበት ቦታ አጥቶ በአየር ላይ ተወው።

የኔታ መሣቃቸውን አቆሙ። ፊታቸው አልተቆጣም፤ ግን ከዚያ በፊት ያልነበረ አንድ ነገር ገባበት፤ መንገድ ጨረስኩ ብሎ ጓዙን ያወረደ ሰው ገና ዳገት እንደቀረው ሲነገረው የሚኖረው ዓይነት። ትሕትና ዝምታ አትችልም። ሃርድ ዲስኩን ነቀለች፣ ሰካች። ቀድቶ ጨርሷል፤ የተረፈው ሁሉ ተርፏል፤ ሥራዋ አልቋል።

የኔታ እሷ የሰጠችውን ባዶ ወንበር በእግራቸው ወደ ራሳቸው ሳቡና መዳፋቸውን አሳረፉበት። ምሥጋናው ተቃወመ፣ አንገቱን ነቀነቀ። መዳፋቸውን ደገሙት። ተቀመጠ። የኔታ ራሱን በእጃቸው ይዘው ጆሮውን ወደ አፋቸው አመጡት።

ትሕትና ምን ሊሆን እንደሆነ ገባት፤ እጇም እንደ ልማዷ ቀደመ። ስልኳን አወጣች፣ መቅረጫውን ከፈተች፣ በሁለቱ መሐል ጠረጴዛው ላይ አንሸራታ አስጠጋችላቸው። «ቅርብ ከሆነ ሹክሹክታም ይይዛል» አለች። «ድምፁን በኋላ ከፍ አደርገዋለሁ።»

የኔታ ስልኩን አዩት። በሁለት ጣታቸው፣ ሰው እንዳያስቀይሙ ሆነው፣ ወደ እሷ መልሰው ገፉት።

ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ምሥጋናው ዓይኑን ጨፈነ። አንድ ባጃጅ በር ላይ ቆሞ ጥሩንባውን ነፋ።

«አልሰማሁም፣ የኔታ» አለ ምሥጋናው። «ይደግሙልኝ።»

የኔታ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ጄኔሬተሩ ይንተከተካል። ምሥጋናው መዳፉን ጆሮው ላይ እንደ ጉድጓድ አድርጎ አጠፈው፤ ፊቱ ተጨማደደ።

«አሁንም አልሰማሁም።»

ትሕትና ስልኩን ኪሷ ከተተችው። ፋኑን አጠፋች። ፎቶ ኮፒውን ከሶኬቱ ነቀለች። ላፕቶፑ አሁንም ያጉረመርማል፤ ክዳኑን አጠፈችው፤ እሱም ዝም አለ። የቀረው የውጪው ነው። ወደ በሩ ሄደች። ደሳለ ደፉ ላይ ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ ቆሟል።

«አሁንስ?» አለ።

ደረቱን በመዳፏ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋው ወጣች። የብረቱ በር ሲዘጋ መሬቱን እየፋቀ የሚጮህ ነው፤ ሁልጊዜ በእግሯ ነበር የምታንደረድረው። በሁለት እጇ ብድግ አድርጋ ይዛ፣ ቀስ ብላ ዘጋችው።