የሰማይ መርከብ እናት

ዓለምነህ አምስት ወር ሙሉ ሲለምን የከረመው ሲዲ አዲስ አበባ ካለ ጓደኛው ሰቆጣ የደረሰው ቅዳሜ ነው። እህቱ ዓይናዲስ ደግሞ ሰኞ ማለዳ በወልድያው አውቶብስ ወጥታ ቤሩት ልትሄድ ነው። እንግዲህ የቀረችው እሑድ ብቻ ናት፤ እሷም መብራት ሲሄድ ሲመጣ የሚውልባት እሑድ ሆና አረፈችው።

ነገሩ የቆየ ነው። በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ሁለቱም ልጆች ሳሉ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጄኔሬተር ያለው ቪዲዮ ቤት እየገቡ አንድ የፈረንጅ ተከታታይ ፊልም ያዩ ነበር። ከዋክብት መሃል መንገድ የጠፋባት መርከብ፣ አንድ ካፒቴንና ስድስት ሰዎች። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ስላልነበረ፣ ከሱዳን ስደት የተመለሱት ጋሽ እንግዳው አርጩሜ ይዘው ቴሌቪዥኑ ጎን ይቆሙና ንግግሩን አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በአገሬው ቋንቋ በኽምጥኛ ይተረጉሙ ነበር።

መርከቧ ውስጥ ድምፅዋ እንጂ መልኳ የማይታይ ሴት ነበረች። እሷ በተናገረች ቁጥር ጋሽ እንግዳው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «እናቱ ናት። ከቤት እየተጣራች ነው። ልጄ፣ መቼ ትመለሳለህ? ትለዋለች።» ያን ጊዜ ልጆቹ ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ይጠጋሉ። የነዓለምነህ እናት የሞተችው በሰባ ሰባት ድርቅ ነው፤ ዓይናዲስ መልኳን እንኳ አታውቅም።

የመጨረሻውን ካሴት ግን ማጫወቻው በላው። ካፒቴኑ አገሩ ይግባ አይግባ ሳያዩ ቀሩ። ዓይናዲስን አሥራ ሁለት ዓመት ሲከነክናት ኖረ፤ ወንድሟም «ሳትሄጂ አሳይሻለሁ» ብሎ ቃል ገባላት።

እሑድ ከቀትር በኋላ ጋሽ እንግዳውም ተጠርተው መጡ። ያለ እሳቸው ማየት ለዓለምነህ ነውር መስሎ ታይቶት ነበር። ደህናው ወንበር ተለቀቀላቸው። ሲዲው ሁለት ደቂቃ ሄዶ መንተባተብ ጀመረ። ዓለምነህ አውጥቶ በሸሚዙ ጠረገው፤ ሲመልሰው መብራት ሄደ። መብራት ሲመጣ እንደገና ከመጀመሪያው። ሦስቴ እንዲህ ሆነ።

ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ የተናፈቀችው መርከብ ምን ሆና ብትገኝ ጥሩ ነው? ካርቶን። ሰው ሲደገፈው ግድግዳው ይወዛወዛል። ሌላ ዓለም የተባለውም ሁሉ ያው አንድ የአሸዋ ጉብታ ነው። ይሁን ብሎ ቻለው። ያልቻለው ሌላ ነው። ዓለምነህ አሁን የእንግሊዝኛ መምህር ነውና እያንዳንዷን ቃል ይሰማል። ሴትዮዋ ተናገረች። አየር፣ የአርባ ሰዓት። ነዳጅ፣ ሩብ። እናት የምትባል የለችም፤ የሚናገረው ማሽን ነው።

«ምን አለችው?» አለች ዓይናዲስ።

«ቆይ እስቲ» አላትና ሽማግሌውን ደጅ ይዟቸው ወጣ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እንግሊዝኛ ያውቃሉ?»

«ከየት አምጥቼ? ሱዳን የሚነገረው ዓረብኛ አይደል?» አሉ፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው።

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ሲዋሹን ነበር?»

«ሴት ስትናገር ሰማሁ። እዚያ ከተቀመጣችሁት ልጆች ግማሹ እናት አልነበረውም። ሌላ ማን ናት ልበላችሁ?»

ዓለምነህ እርር ድብን አለ። አምስት ወር የለመነው ለዚህ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ከሲዲው በፊትም ተናዶ ነው የሰነበተው። የእህቱን መሄድ አልወደደውም፤ ቢናገር እንዳይጣላት እየፈራ ግን አላነሣባትም።

ተመልሰው ገቡ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ የመጨረሻው ክፍል መጣ። ካፒቴኑ ብቻውን ተቀምጧል። ሴትዮዋ አንድ ነገር አለች። ወዲያው መርከቧ ጨለመች፣ ጽሑፍ መጣ፣ አለቀ።

«አሁንስ ምን አለችው?» አለች ዓይናዲስ።

ጋሽ እንግዳው መሬት መሬት አዩ።

«ምንም አላለችውም» አለ ዓለምነህ፣ ንዴቱ ቀድሞት። «ማሽን ነው። አየር አለቀ ነው የሚለው። እናቱን የፈጠሯት እሳቸው ናቸው። አገሩም አልገባም። ይኸው ነው።»

ዓይናዲስ ነጠላዋን አስተካከለች። «አውቃለሁ» አለች። «ድሮም አውቅ ነበር። ሴትዮዋ ተናግራ ሳትጨርስ ነበር ጋሼ ተርጉመው የሚጨርሱት። የጠየቅሁህ አንተ ምን እንደምትለኝ ልስማ ብዬ ነው። ወር ሙሉ ፓስፖርቱን ያዝሽ ወይ፣ የሻንጣው ቁልፍ ይሠራል ወይ ስትለኝ ከረምክ። መቼ ትመለሻለሽ ግን አላልከኝም።»

ዓለምነህ ተነሥቶ ሲዲውን አወጣ፤ ከማስቀመጫው ሊከተው ቢል እንቢ አለው።

«መቼ ትመለሻለሽ?» አለ በመጨረሻ። ድምፁ የጥል ድምፅ ነበር።

ዓይናዲስ ወደ ሽማግሌው ዞረች። ጋሽ እንግዳው ከወንበራቸው ሳይነሡ ጥያቄውን ቀስ ብለው በኽምጥኛ ደገሙላት። በዚህኛው ላይ ከራሳቸው ምንም አልጨመሩበትም።