እናንተ የሚባል ወንድም

ሁለት ፓርቲ ብቻ በነበረበት አገር ሁለት ወንድ ልጅ መውለድ ምን ማለት እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ። ትልቁ አንዱን ያዘ፣ ትንሹ ሌላውን። ሁለቱም ልብስ ሰፊ ናቸው፤ አባታቸው በተወላቸው ሱቅ በአንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ይሠራሉ። እኔም ጥግ ይዤ ቁልፍ እተክልላቸዋለሁ።

በፖለቲካ ከተለያዩ ወዲህ «አንተ» መባባል ቀረ። «እናንተ» ሆነ። ትንሹ መቀስ ሲጠፋው እንኳ ወንድሙን «እናንተ መቀሱን የት አደረጋችሁት?» ይለዋል። ኧረ ብቻውን ነው የቆመው! አንዲት ልብስ ልትለካ የመጣች ሙሽራ ሌላ ሰው ያለ መስሏት ዞር ዞር ብላ ፈለገች። ሰዉ ሳቀ፤ እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ ቁልፌን ተከልኩ።

ዘንድሮ ፓርቲ እንደ አሸን ፈላ። ምልክቱ ጃንጥላ የሆነ አለ፣ ዶሮ የሆነ አለ፣ ፋኖስ የሆነ አለ። የሬዲዮው ሰውዬ «የመራጩ ድምፅ ተበታተነ» እያለ ሙሾ ያወርዳል። ልጆቼ ግን ያው ናቸው፤ ጭራሽ ምርጫው እንዳለቀ ሱቁን በጣውላ ለሁለት ሊከፍሉት ተስማሙ። የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

ውጤት በተነገረ ማግስት አናጢው መጣ። ሜትሩን እየዘረጋ፣ «ማን አሸነፈ ታዲያ?» አለ። ምነው ዝም ባለ!

«ማንም» አለ ትልቁ። «ሦስት አራት ሆነው ካልተጣመሩ መንግሥት አይቆምም።»

«እናንተማ ጉድ ሆናችሁ» አለው ትንሹ።

«እኔ ምን አገባኝ? ጃንጥላውን ነው የመረጥኩት።»

ትንሹ መርፌውን እንደያዘ ቀረ። «አንተ? ጃንጥላ?»

«አዎ። የእናንተዎቹን ግን...»

«የእኔ አይደሉም። እኔም ዶሮዋን ነው የመረጥኩት።»

አንተ አለው! በጆሮዬ ሰማሁት። ታዲያ እነማንን ቆጥሮ እናንተ ይበለው? በዚያ ሱቅ ጃንጥላ የመረጠ እሱ ብቻ ነው። ያንን ሁሉ ፓርቲ ያቋቋሙትን ፈጣሪ ይባርካቸው፤ ሰው ተበታተነ ሲል የእኔ ልጆች ተሰበሰቡልኝ።

«አንተ ደግሞ ዶሮ ምን ታውቃለች?» «ያንተ ጃንጥላስ?» ተባባሉ፤ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ተጨቃጨቁ። ናፍቆኝ ነበር። አናጢው ግራ ገባው። «እና ጣውላውን ምን ላድርገው?» ቢል፣ ትልቁ ፊቱን እንኳ ሳያዞር፣ «መደርደሪያ ሥራበት» አለው።

ከዚያ ትንሹ ወደ እኔ ዞረ። «እማዬ፣ አንቺስ ማንን መረጥሽ?»

የያዝኩትን ቁልፍ አስቀመጥኩ። እስከ ዛሬ እያንዳንዳቸው የእናቴ ድምፅ የእኔ ነው እያሉ ሲምሉ፣ እኔ አንዳቸውን ላለመክዳት ባዶ ወረቀት ነበር ሳጥን ውስጥ የምከተው። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ዘንድሮ ግን ፋኖሱን መርጫለሁ፤ ነገርኳቸው።

«ውይ እማዬ! እሱንማ እንዴት?» ብለው ሁለቱም በአንድ ድምፅ ጮሁብኝ። ተመስገን።