ከአርባ ሦስት ላይ አሥራ ሰባት

«በለመደችው ዕቃ ትሥራ፤ ከልካይ የላትም» አለች ለፈተናው ከወረዳ የመጣችው ሱፐርቫይዘር ወንበሯን ወደ ግድግዳው እያስጠጋች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ግን አትናገሪም። በቃልም ሆነ በጥቅሻ አንዲት ነገር ካቀበልሻት፣ ልጅቷ እንዳልተፈተነች ትቆጠራለች።»

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ምላሴ ከጭንቅላቴ ቀድማ እንደምትሮጥ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቃል። አጠገቤ የተቀመጠው ርዕሰ መምህራችን ይህን ትእዛዝ ሲሰማ ፊቱ በራ። ከመጣሁ ጀምሮ አፌን የሚዘጋለት ሰው ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው፤ አገኘ።

ተፈታኟ ሚጡ ናት። ቤት ውስጥ ሚጡ ስለሚሏት እኛም ሚጡ ብለን ቀረን። ሁለተኛ ክፍልን እየደገመች ነው፤ ሂሳብ ዛሬም ከጣላት ሌላ ዕድል የላትም። አባቷ ከኋላ፣ ለልጅ በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበቱን ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። በያጅ ነው። ሁለቱም እጆቹ ላይ የእሳት ፍንጣሪ የተወው ጥቋቁር ነጠብጣብ አለ። ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ጠብቆ ይዞኝ ነበር።

«መምህር፣ እውነቱን ልንገርሽ» አለኝ። «ዛሬ ካላለፈች ቤት ትውላለች። እናቷ ሥራ ልትገባ ነው፤ ሕፃኑን የሚይዝልን የለም። ደግሞስ የማይገባትን ነገር ስታይ መዋል ለእሷስ ስቃይ አይደል?»

ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚያው እጣላውና ይቀለኝ ነበር። ክፉ አልነበረም። ልጁን የሚወድ፣ የደከመው አባት ነበር፤ የፈራሁትም ይህንኑ ነው።

አምና ሚጡ የተማረችው ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን አብሮ በመጮህ ነው። ሌሎቹ ሲጮኹ አፏን ታንቀሳቅሳለች፤ ድምፅ ግን አይወጣትም። ዘንድሮ ወደ እኔ ክፍል ስትመጣ እፍኝ ሙሉ የመቁጠሪያ እንጨት ሰጠኋት። ቀኑን ሙሉ ስትቆጥር ዋለች። አሥር ሲሞላላት በላስቲክ ታስራለች፣ እስሩን ጎን ታደርጋለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ማንም ሳይነግራት፣ ነጠላው ሲያንሳት አንዱን እስር ፈትታ መጠቀም እንደምትችል ራሷ ደረሰችበት። ያን ቀን ቀና ብላ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። አንዳንድ ልጅ በጆሮው ይሰማል፤ ይህች በእጇ ነው የምትሰማ።

ርዕሰ መምህሩ ግን ውሃ ቀጠነ ማለቱን አልተወም። ልጆቹ መሬት ላይ ክብ ሠርተው ሲሠሩ ባየ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይለኛል። እኔም አንድ ቀን «የሚያቦካው ካልተሰጠው መቼ ይለምዳል?» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን በአንገት ብቻ ሆነ።

«ሚጡ» አለች ሱፐርቫይዘሯ፣ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ። «ከአርባ ሦስት ላይ አሥራ ሰባት ሲቀነስ ስንት ይቀራል? አትቸኩይ። ዕቃው ይምጣላት።»

ዕቃውን ይዞ የገባው የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ነው። ወገቡ ላይ ከሚንሿሿው የቁልፍ ዘለላ የተነሳ ልጆቹ ጋሼ ቁልፉ ይሉታል። ለእሱ ዕቃ ጥሩ የሚባለው ማንም ሳይነካው ሲቀር ነው። ቅርጫቱን ጠረጴዛው ላይ በክብር አስቀመጠና «ለእንግዳ እንዲያምር አስተካክዬዋለሁ» አለ። «ያ ላስቲክ እየተበጠሰ ሲያስቸግር ነበር» ብሎ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ።

ቅርጫቱን አየሁ። እያንዳንዱን እስር በነጭ ሲባጎ ጥርቅም አድርጎ አስሮታል፤ ቋጠሮው ድርብ ነው፤ ጫፍ ጫፉን በመቀስ ከርክሞታል። ሱቅ ውስጥ ለሽያጭ የተደረደረ ነበር የሚመስለው። አፌን ስከፍት የሱፐርቫይዘሯ ዓይን ዓይኔ ላይ አረፈ። መልሼ ዘጋሁት።

«ጀምሪ፣ የኔ ልጅ» አለቻት።

ሚጡ አራት እስር አወጣች። ሦስት ነጠላ አጠገቡ ደረደረች። አርባ ሦስት። አንዱን እስር በመዳፏ ገፍታ ወደ ጠረጴዛው ዳር አሻገረችው። አሥሩ ተቀነሰ። ሦስቱን ነጠላ አስከተለች። በሆዴ አብሬያት እቆጥራለሁ፤ አሥራ ሦስት ሄደ፤ አራት ቀራት። አሁን አንዱን እስር ትፈታለች። ትናንት የተማረችው ነገር አይደለም፤ ስንት ጊዜ ስታደርገው አይቻለሁ።

እጇን ወደ እስሩ ሰደደች። ቋጠሮውን በጣቷ ጫፍ ነካችው። ከዚያ እሳት እንደነካ ሰው እጇን ሰብስባ ጭኗ ላይ አኖረችው።

ጠበቅን። እንደገና ሰደደች፤ እንደገና መለሰች። ዓይኗ ወደ በሩ ሄደ፣ ከዚያ ወደ አባቷ፣ ከዚያ ወደ ጠረጴዛው። ምን ነካት? ቋጠሮው ጠንክሮባት ነው? ካልሞከረችው መጠንከሩን በምን አወቀች? አልገባኝም።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ግን እዚያ ቆሜ ዝም ብዬ ስነቅዝ ይታወቀኛል። «ፍቺው» የምትል አንዲት ቃል ጥርሴ ጀርባ ቆማለች። ባወጣት ልጅቷ እንዳልተፈተነች ትሆናለች። ባላወጣት ትወድቃለች። ሱፐርቫይዘሯ የምታየው ሚጡን ሳይሆን እኔን ነበር። እጄን እንኳ እንዳላወናጭፍ ብብቴ ስር ቀበርኩት።

ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይኸው እንግዲህ። እንጨት ሲጨመር ዕውቀትም አብሮ የሚጨመር መስሎን ነበር።»

«እርስዎም ቢሆኑ ዝም ይበሉ» አለችው ሱፐርቫይዘሯ። ብዕሯን ግን ከፈተች።

ሚጡ አለቀሰች። ድምፅ የለውም፤ እንባው ብቻ ጉንጯ ላይ ይወርዳል፤ እጆቿ ጭኗ ላይ ተቆላልፈዋል። ከኋላ አግዳሚው ሲንቋቋ ሰማሁ። አባቷ ተነስቷል።

«ይበቃል» አለ። «ልጄን በሰው ፊት አታስጨንቁብኝ። እንደማይሆንላት እኔም አውቄዋለሁ፣ እሷም አውቃዋለች። ነይ፣ እንሂድ ሚጡዬ።»

መጥቶ እጁን ዘረጋላት። እሷ አልተነሳችም። ቀና ብላ ፊቱን አየችው።

«አባዬ፣ ብፈታው ትቆጣኛለህ?»

«ምኑን?»

«እስሩን። ጋሼ ቁልፉ ጠዋት ሰልፍ ላይ ነግሮናል። የፈታ ልጅ አባቱን ይጠራል አለ።»

በሩ ላይ ቁልፉ መንሿሿቱን አቆመ። ሁላችንም ወደዚያ ዞርን። ጋሼ ቁልፉ ጣራውን እያየ «እኔ እንኳ ለንብረቱ ብዬ ነው» አለ።

ያኔ ገባኝ። አምና አንድ ጊዜ አባቷ ተጠርቶ፣ ሥራውን ጥሎ መጥቶ፣ በቁጣ ነበር የሄደው። ከዚያ ወዲህ ሚጡን «አባትሽን ጥሪ» እንደሚለው ቃል የሚያስፈራት ነገር የለም። መልሱ ጠፍቷት አይደለም የተቀመጠችው። አባቷን ከመጠራት ልታድነው ነው፤ ለዚህም መውደቁን መርጣለች። ያን ቅርጫት አንስቼ ሰውዬው ጭንቅላት ላይ ብደፋው ደስ ባለኝ።

አባቷ ጠረጴዛው አጠገብ ቁጢጥ አለና ፊቱን ከፊቷ አስተካከለ።

«እኔ እንደሆንኩ መጥቻለሁ» አለ። «ይኸው፣ እዚህ ነኝ። ከእንግዲህ ማንን ይጠሩብሻል? ፍቺው።»

ርዕሰ መምህሩ «ይህማ እገዛ ነው!» ብሎ ተነሳ። ሱፐርቫይዘሯ ብዕሯን ሳታነሳ መለሰችለት፤ «ስንት እንደሚቀር ነገራት? ይቀመጡ።»

ሚጡ እንባዋን በክንዷ ጠረገችና እስሩን አነሳች። ቋጠሮው እንቢ አለ። በጥፍሯ ሞከረች፣ ጥፍሯ ተጣጠፈ። አባቷ እጁን ሲልክ ሱፐርቫይዘሯ «አይንኩላት» አለችው። ያን በብረት የጠነከረ እጁን ወደ ኋላው አድርጎ አንዱን በሌላው ጨብጦ ያዘ። ይህን ሰው ገና አሁን ወደድኩት። የሰው ልጅ ሲቸገር እያዩ እጅን መሰብሰብ ምን ያህል እንደሚከብድ ከእኔ ወዲያ ማን ያውቃል?

በጥርሷ ያዘችው። አንገቷን ወዲህ ወዲያ ስታደርግ የመጀመሪያው ቋጠሮ ላላ። ሁለተኛውን በጥርሷና በጣቷ ስባ ፈታችው። እንጨቶቹ ጠረጴዛው ላይ ተበተኑ፤ አንዱ ተንከባሎ መሬት ወደቀ። ጎንበስ ብላ አነሳችውና ከሌሎቹ ጋር ቀላቀለችው። ቆጠረች። አሥር መሆናቸውን ሳታረጋግጥ የማትቀጥል ልጅ ናት። ከዚያ አራቱን፣ አንድ በአንድ፣ ወደ ዳር ገፋች።

የቀሩትን ሁለት እስሮች ጎን ለጎን አቆመች። ስድስቱን ነጠላ አጠገባቸው ደረደረች። ለመናገር አልቸኮለችም። እጇን በሁሉም ላይ አሳለፈች።

«ሃያ ስድስት» አለች። ክፍሉ ውስጥ ጮክ ብላ ስትናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ሱፐርቫይዘሯ ጻፈች። ምን እንደጻፈች አልታየኝም። አባቷ ግን እሷንም ርዕሰ መምህሩንም አልፎ ወደ እኔ ዞረ።

«ልክ ነው?» አለኝ። ሰውዬው አያውቅም ነበር። መልሱን ሳያውቅ ነው «ፍቺው» ያላት።

አፌን እንዳልከፍት ታዝዣለሁ። ወደ ሱፐርቫይዘሯ ዞርኩ።

«አሁን መናገር ትችያለሽ» አለች።

ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ለርዕሰ መምህሩ የሚሆን ነበረኝ፣ ለጋሼ ቁልፉም ነበረኝ። አንዱም አልወጣ አለኝ። ጭንቅላቴን ብቻ አዎ፣ አዎ እያልኩ ነቀነቅኩለት።

ሰውዬው እዚያው ቁጢጥ እንዳለ መሬቱ ላይ ተቀመጠ።

«ለሕፃኑ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አለ።