የቧንቧውና የጎማው አለመግባባት

«ለቤተሰቡ አባላትና ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሁሉ፦ በዛሬው ዕለት ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በግቢው ቧንቧና በአዲሱ የአትክልት ማጠጫ ጎማ መካከል ሊደረግ የታሰበው ግንኙነት በመጠን ልዩነት ምክንያት ያልተሳካ መሆኑን በታላቅ ሐዘን እናስታውቃለን። ጉዳዩ በጥናት ላይ ስለሆነ ማንም ሰው ጎማውን እንዳይነካ።»

ማስታወቂያው የተለጠፈው በማቀዝቀዣው በር ላይ ነው። ቁጥርና ቀን አለው፤ ከሥሩ የባለቤቴ አባት ፈርመውበታል። ማኅተም የጎደለው ጡረታ ሲወጡ ስላስረከቡት ብቻ ነው።

የባለቤቴ አባት ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገሉት በደረጃና መለኪያ መሥሪያ ቤት ነው። ባልደረቦቻቸው «ሚሊሜትር» ብለው ስም አውጥተውላቸዋል። ስድብ ነበር፤ እሳቸው ግን እስከ ዛሬ እንደ ሽልማት ይዘውታል።

ጎማው ለቅንጦት የተገዛ አልነበረም። ባለቤታቸው፣ ማለትም አማቴ፣ ጉልበታቸውን ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ገና አምስተኛ ሳምንታቸው ነው። ሐኪሙ «ከሻይ ብርጭቆ የከበደ ነገር እንዳያነሱ፤ ጉልበቱ አንዴ ከዞረ ሁለተኛ አንጠግነውም» ብሏቸዋል። ከቤቱ ጀርባ ደግሞ ሆስፒታል ሳይገቡ በገዛ እጃቸው የተከሏቸው ስድሳ የቲማቲም ችግኞች አሉ። እስካሁን በባልዲ ስታጠጣ የቆየችው ባለቤቴ ለሥራ ከከተማ ወጥታለች። አባትየው ወገባቸው ባልዲ አይችልም። እኔ አንድ ቀን ሞክሬ አሥራ አራት ችግኝ ከነሥሩ በጎርፍ ስለወሰድኩ ከሥራው ታግጃለሁ።

«ያንተ ማጠጣት አይባልም፤ ማስመጥ ነው የሚባለው» አሉኝ አማቴ። ከዚያ ወደ ባላቸው ዞሩ። «ስማኝ አንተ ሰውዬ። እስከ አሥር ሰዓት ውሃ ካልደረሳቸው ባልዲዬን አነሳለሁ።»

«አታነሺም።»

«ታያለህ።»

ችግሩ እንዲህ ነው። የቧንቧው አፍ ሦስት አራተኛ ኢንች ነው፤ የጎማው ጫፍ ግማሽ ኢንች። በዚያ ላይ ሁለቱም ወንዴ ናቸው፤ ጥርሳቸው በውጭ በኩል ነው። የሚያስፈልገው በአንድ ጎኗ ሰፊ፣ በሌላ ጎኗ ጠባብ የሆነች፣ አውራ ጣት የምታህል ማገናኛ ናት። ለእሷ ስንል እኔና የባለቤቴ አባት ሦስት የሕንፃ መሣሪያ መደብሮችን አዳረስን።

«ማገናኛ የለም» አለን የሦስተኛው መደብር ባለቤት። «ድሮ በየዓይነቱ ነበር። መመሪያ ወጣና ተከለከለ። ያወጣው ሰውዬ ራሱን ሳይመታ አልቀረም።»

የባለቤቴ አባት አንድ ሳጥን ምስማር አንስተው በጥሞና ይመረምሩ ጀመር።

መኪና ውስጥ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ መመሪያውን ማን ነው ያወጣው?»

«ኮሚቴ።»

«ሰብሳቢውስ?»

«መስኮቱን ዝጋው፤ አቧራ ይገባል።»

ትንሽ እንደሄድን ግን ራሳቸው ጀመሩት። «ነገሩ ቀላል ነው። ማገናኛ ካለ ሰው የተሳሳተ መጠን ይገዛል። ከሌለ ትክክለኛውን ለመግዛት ይገደዳል።»

«ግን ቧንቧውም ጎማውም የደረጃ ምልክት አለባቸው እኮ።»

 ቆይቼ እንደተረዳሁት የቧንቧ ኮሚቴ ሦስት አራተኛን አጽድቋል፣ የጎማ ኮሚቴ ግማሽን አጽድቋል። ሁለቱ ኮሚቴዎች የሚሰበሰቡት በአንድ ኮሪደር ላይ፣ ፊት ለፊት ነበር። በሮቹ ግን ይዘጉ ነበር።

ባለመደብሩ ስንወጣ በጆሮዬ ሹክ ያለኝ ነገር ነበር፤ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ያለው ቶርኖ ቤት ማገናኛ ከብረት ቀርጾ ይሰጣል። ይህን ስናገር የባለቤቴ አባት «እዚያ አልሄድም» አሉ። ስለዚህ ቤት አድርሻቸው ብቻዬን ሄድኩ።

ባለቶርኖው ቱታው ዘይት የጠገበ፣ ጥርሱ መሃል እርሳስ የነከሰ ሰው ነው። «ሦስት አራተኛ ሴቴ፣ በወዲህ ግማሽ ሴቴ» አልኩት፣ ሙያ እንዳለው ሰው።

«የሃያ ደቂቃ ሥራ ነው። ለማን ነው?»

እዚህ ላይ መዋሸት ነበረብኝ፤ አልዋሸሁም። «ለባለቤቴ አባት። ጥግ ላይ ያለው ግቢ።»

ማሽኑን አጠፋ። «ለሚሊሜትር?» ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ፊቱ ላይ ምንም ሳቅ አልቀረም። «የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አርባ ሦስት ማገናኛ በጆንያ አስጭኖ ወሰደብኝ። አንዱንም አለካውም፤ ‹ዕቃው ራሱ ክልክል ነው› ብሎ። በወረቀቱ ላይ ግን ‹ከደረጃ በታች› ብሎ ጻፈ። ቤቴ ስምንት ወር ታሸገ። እሠራዋለሁ፣ አልሠራም አልልህም። ግን ራሱ ይምጣ።»

«ወገባቸውን ያማቸዋል።»

«ያቺ የቆመችው መኪና ያንተ አይደለችም እንዴ?»

መልእክቱን ሳደርስ የባለቤቴ አባት ሳሎን ውስጥ የጎማውን ጫፍ ለአራተኛ ጊዜ እየለኩ ነበር፤ ያድጋል ብለው ይመስላል። «ሕገ ወጥ ሥራ አላሠራም» አሉ።

«ጋሼ፣ ጡረታ ወጥተዋል እኮ።»

«መመሪያው ጡረታ አልወጣም።»

እኔም ማስታወቂያውን ጥሼ ጎማውን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በሽቦ ጠፍሬ ከቧንቧው ጋር አሰርኩት። ለአራት ሰከንድ ያህል የቤተሰቡ ጀግና ነበርኩ። በአምስተኛው ጎማው ተፈናጥሮ ከእግሬ እስከ ራሴ አጠበኝ።

ሸሚዜን ስጨምቅ አሥር ሰዓት ሆነ። አማቴ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሴት አይደሉም። በግራ እጃቸው ግድግዳውን ተደግፈው በቀኛቸው ግማሽ የሞላ ባልዲ አንጠልጥለው ብቅ አሉ። ልቀበላቸው ስሮጥ «ዞር በል!» አሉኝ። አንድ ተራመዱ፤ ሁለት። በሦስተኛው ጉልበታቸው ወደ ጎን ታጠፈ። አልወደቁም። ባልዲውን ለቀው ግድግዳውን ታከው ቀስ ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። የጉልበታቸውን እርጥብ ፋሻ ብቻ በሁለት እጃቸው ያዙ።

የባለቤቴ አባት በሩ ላይ ቆመው ሁሉን አይተዋል። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ሳይጠርጉት መልሰው አደረጉት። ሄደው ሚስታቸውን ደግፈው ወንበር ላይ አስቀመጡ፤ ጉልበቱ እንዳልዞረ በጣታቸው ዳስሰው አረጋገጡ። ከዚያ ለስብሰባ የሚለብሱትን ኮት ለበሱና «መኪናውን አስነሳ» አሉኝ።

ቶርኖ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ የኮታቸውን አንድ ቁልፍ ቆለፉ።

«ማገናኛ ፈልጌ ነው» አሉ።

«ምን ዓይነት ነገር ነው እሱ?» አለ ባለቶርኖው።

«ታውቀዋለህ።»

«አውቀው ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት አስረስቶኛል።»

ቃላቱን እየዋጡ መጠኑን ተናገሩ። ሰውየው የነሐስ ቁራጭ ቶርኖው ላይ አሰረ፣ ማሽኑ ተነሳ፣ ቢጫ ፍቅፋቂ ጫማችን ላይ ይዘንብ ጀመር።  ሲጨርስ ማገናኛዋን በጨርቅ ጠርጎ ከመለኪያው ካሊፐር ጋር ዘረጋላቸው።

«ይለኩት።»

ለኩ። አዙረው ለኩ። ወደ ብርሃን ወጥተው ለኩ። ስሕተት ቢያገኙ ምንኛ በተደሰቱ ነበር።

«ልክ ነው» አሉ በለሆሳስ።

«አልሰማሁም፤ ማሽኑ ይጮኻል።»

ማሽኑ ከጠፋ ቆይቷል።

«ልክ ነው አልኩ!»

ባለቶርኖው የካርቶን ቁራጭና እርሳሱን ሰጣቸው። «በጽሑፍ ያድርጉልኝ።»

«ጡረተኛ ነኝ። ፊርማዬ የትም አይሠራም።»

«አውቃለሁ። ይጻፉት።»

ካርቶኑን ማሽኑ ላይ አስደግፈው ጻፉ፤ በትከሻቸው በኩል አነበብኩት። «ይህ ማገናኛ ተለክቶ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል።» ባለቶርኖው እጁን ዘረጋ፤ እሳቸው ግን አልጨረሱም። ማንም ሳይጠይቃቸው ሌላ መስመር ጨመሩ። «ከዚህ በፊት የወሰድኳቸው አርባ ሦስቱ ከደረጃ በታች ናቸው ያልኩት ሳልለካ ነው።» ፈረሙ።

ሰውየው አነበበ። ሁለተኛውን መስመር ደግሞ አነበበ። ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል ብዬ ስጠብቅ ካርቶኑን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

«ሲያስሩት ብዙ አያጥብቁት» አለ። «ጥርሱ ይበላል።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃው ከቤቱ ጀርባ ደረሰ። አማቴ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው፣ የጎማውን አፍ በጣታቸው ጠበብ አድርገው ችግኞቹን እያንዳንዳቸውን እንደ ሕፃን ያጠጡ ጀመር። ባላቸው አጠገባቸው ቆመዋል፤ ኮታቸውን አላወለቁም።

«ያ ሰውዬ ጋ ነው የሄድከው?» አሉ አማቴ።

«እሱ ጋ።»

«ደግሞ ሠራልህ?»

«ሠራ።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሙ ሲጠራ ምሳ የማትጨርስ ሰውዬ! ምን ብለህ አስሠራኸው?»

ባላቸው የኮታቸውን ቁልፍ ፈተው መልሰው ቆለፉ።

«አንተን እኮ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ አብረህ አልነበርክም?»

የባለቤቴ አባት አዩኝ። እኔ ቲማቲሞቹን አየሁ።

«አላብራራም» አሉ እሳቸው።

«ለምን?»

«እሱንም አላብራራም።»