በሩን ዘግታ የወረደችው ሴትዮ

በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት፣ ከበሩ አጠገብ አንድ መደርደሪያ አለ። አንባቢ የወደደውን መጽሐፍ እዚያ ላይ ያስቀምጣል፤ ምክንያቱንም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይሰካበታል። ደንቡ ታዲያ አንድ ጣጣ አለበት። የመጽሐፉ ደራሲ የተጋበዘ ለት፣ መጽሐፉን የመረጠው ሰው ከጎኑ ተቀምጦ ለምን እንደወደደው በሰው ፊት ይናገራል። በዚህ የተነሳ አብዛኛው ሰው የሚመርጠው የሞቱ ደራስያንን ነው።

ልብስ ሰፊዋ ግን በሕይወት ያለ መረጠች። እሷ አንዴ ያዝኩ ካለች አትለቅም።

መጽሐፉ ባሏ የሚያንገላታት ሴትዮ ታሪክ ነው። ሴትዮዋ በደሉን ችላ ችላ፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ ልብሷን ትሸክፍና «በሩን ዘግታ ቁልቁል ወረደች።» በቃ፣ አለቀ። ልብስ ሰፊዋ ይህን ያነበበች ለት መቀሷን እንደያዘች ቁጭ ብላ ቀረች። በወረቀቱ ላይም «መጨረሻው አንጀት ያርሳል። እህት ያለው ለእህቱ ያስነብብ» ብላ ጻፈች።

እህት ነበራታ። ታናሿ ጉንጯ አብጦ ከባሏ ቤት ከመጣች ወዲህ ከስፌት ቤቱ ኋላ ባለችው ክፍል ከርማለች። ባልየው ይደውላል፤ እሷ ታለቅሳለች፤ ዕቃዋን ትሰበስባለች፣ መልሳ ትዘረግፋለች። ልብስ ሰፊዋ መምከሩ ሲሰለቻት መጽሐፉን ሰጠቻት። ታናሽየው አንብባ ከጨረሰች በኋላ ስልኩ ቢጮኽ ቢጮኽ አላነሳ አለች። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ይፈለጋል?

ደራሲው በተጋበዙበት ሰሞን ግን ባልየው ራሱ በር ድረስ መጣ። «ተለውጫለሁ፤ ቅዳሜ መጥቼ ልውሰድሽ» አላት። እሷም «አስብበታለሁ» አለችው። አስብበታለሁ ማለት ደግሞ ግማሽ መንገድ መሄድ ነው። ልብስ ሰፊዋ ተስፋዋን ሁሉ በደራሲው ላይ ጣለች። ያችን መጨረሻ በገዛ አፋቸው ቢያነቡላት እህቴ ትጸናለች አለች። በዕለቱ ታናሽየውን ከፊት ወንበር አስቀምጣ እሷ ከደራሲው ጎን ተሰየመች።

ደራሲው ሸበቶ፣ ለስለስ ያሉ ሰው ናቸው።

«እስቲ ጋሼ፣ መጨረሻዋን ያንብቡልን» አለቻቸው።

«ደስ ይለኛል» አሉና ከቦርሳቸው የራሳቸውን ቅጂ አወጡ። ሴትዮዋ ልብሷን ሸከፈች፤ በሩን ዘግታ ቁልቁል ወረደች። ልብስ ሰፊዋ ልታጨበጭብ እጇን አነሳች። ደራሲው ገጹን ገለጡት።

ማንበቡን ቀጠሉ። ሴትዮዋ አውቶቡስ መናኸሪያ ደረሰች፤ ዝናብ ጣለ፤ የባሏ ሳል ትዝ አላት፤ ተመለሰች። ባሏ በሩን ከፍቶ ፎጣ አቀበላት። አለቀ።

መጽሐፉን ከሱቅ ገዝታ ያነበበች አንዲት አስተማሪ ከኋላ አጨበጨበች። ሌላው ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ከመጽሐፉ ነዋ፣ የኔ እመቤት።»

«ከእርስዎ መጽሐፍ ይሆናላ። የኛው ላይ የለም።»

«የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ!»

«ቢጽፉትስ! ያነበብነው እኛ ነን።»

ሰው ሳቀ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ «ዝምታ!» አለ፤ ይህች ቃል ከአፉ ስለማትጠፋ ስሙም እሷው ሆና ቀርታለች። ዝምታ የመደርደሪያውን ቅጂ አምጥቶ ከደራሲው ቅጂ ጋር አስተያየ፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ያረጁ መጻሕፍት ወደ ጠራዥ ይላካሉ። ከዚህኛው የመጨረሻዎቹ ወረቀቶች ተገንጥለው ጠፍተው ኖሯል። ጠራዡ ያገኘውን ሰፋ፣ ጠርዙን ቆርጦ አስተካከለ፣ ጠንካራ ጥቁር ልባስ አልብሶ መለሰው። የተረፈው ገጽ ያለቀው ደግሞ በአራት ነጥብ ነው። ማን ይጠርጥር?

«ይህን ሁሉ ጊዜ ጎደለ ያለ ሰው የለም?» አሉ ደራሲው።

«የለም፣ ጋሼ» አለ ዝምታ። «እንዲያውም አንድ አናጺ አለን፤ መጽሐፍ ሁሉ ረዘመ ይላል። ይሄን ብቻ አላለም።»

ደራሲው እንደ መሳቅ አሉ። ልብስ ሰፊዋ ግን የምታየው እህቷን ነበር። ታናሽየው እጇን አነሳች።

«ለምን መለሷት?»

«እንዲህ ያለች ሴት አውቅ ነበር። ተመለሰች።»

«ከተመለሰች በኋላስ?»

ደራሲው መነጽራቸውን አወለቁ። «አላውቅም፣ ልጄ። እኔ ከዚያ ሰፈር ለቀቅሁ።»

ሲመለሱ ልብስ ሰፊዋ መንገዱን ሙሉ ስትነተርክ ሄደች። «እንዳትሰሚያቸው። ዝናብ ጣለ ብሎ ወደ ዱላ የሚመለስ ማን አለ? ጥላ አይሸጥም እንዴ?»

«እትዬ» አለች ታናሽየው፣ «አንቺ አስወጣሽኝ፣ እሳቸው መለሱኝ። አንዳችሁም አልጠየቃችሁኝም።»

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ።»

ከዚያ በኋላ ታናሽየው ጠዋት ጠዋት ትወጣለች፤ የት ዋልሽ ስትባል «ወዲያ ወዲህ» ትላለች። ልብስ ሰፊዋ ወደ ባልየው ቤት እንደሆነ ጠረጠረች፤ መርፌዋን ጣቷ ላይ ተከለች፤ ግን ምላሷን ያዘች።

ቅዳሜ ባልየው ተላጭቶ፣ ጫማውን አስጠርጎ መጣ። ልብስ ሰፊዋ የጋለ ካውያ እንደያዘች ከደጃፉ ቆመች። ታናሽየው ሻንጣዋን አንጠልጥላ ከኋላዋ ብቅ አለች። ባልየው ፈገግ ብሎ ሻንጣውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

«አትንካው» አለችው ታናሽየው። «አልመጣም።»

«ታዲያ ሻንጣው?»

«የራሴ ጉዳይ ነው። ሂድ።»

ባልየው አንዴ እሷን፣ አንዴ ካውያውን አየ። የሆነ ነገር አጉረምርሞ ሄደ። ታናሽየው ከመንገዱ ማዶ እስኪሰወር ጠበቀች።

«ክፍል ተከራይቻለሁ» አለች።

«እዚህ ምን ጎደለብሽ?»

«ምንም። ግን ያንቺ ቤት ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ካውያውን ማስቀመጫው ላይ መለሰች። «ቤት ያለ መጋረጃ አይሆንም፤ የመስኮቱን ልክ አምጪልኝ» አለች።

«ጨርቁን ግን የምመርጠው እኔ ነኝ።»

«ማን ከለከለሽ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። ለጠባብ ክፍል ነጣ ያለ እንደሚሻል ልትነግራት አፏን ከፍታ፣ መልሳ ዘጋችው።